የቤት ሰርቨር፦ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ራስበሪ ፓይ፣ ሚኒ ፒሲ ወይስ ናስ?

የቤት ሰርቨር፣ ማለትም የቤተሰቡን ፋይል ይዞ ሌት ተቀን የሚሠራ ኮምፒውተር፣ ሊያቋቁም ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ይጀምራል። «ራስበሪ ፓይ ልግዛ ወይስ ሲኖሎጂ?» ይላል። የመጀመሪያው አንድ ቦርድ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ሁለተኛው ናስ፣ ማለትም ኔትወርክ ላይ ተሰክቶ ፋይል የሚያስቀምጥ የዲስክ ሳጥን፣ የሚሠራ ኩባንያ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ ቢቀድም እመርጣለሁ። ቤታችሁ ካለው ፋይል ሁሉ፣ ቢጠፋ ዳግመኛ የማይገኘው የቱ ነው?

የልጆች ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የተቀዳ የአያት ድምፅ፣ ስካን የተደረገ የቤት ካርታና የትምህርት ማስረጃ እዚህ ይገባሉ። ፊልምና ተከታታይ ድራማ አይገቡም። ቢጠፉ ያናድዳል እንጂ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ) እና ሚዲያ ማጋራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ነው፤ አንድ ማሽን ላይ ቢውሉም። ባክአፕ የሚፈልገው ጤነኛ ዲስክና ተጨማሪ ቅጂ ነው። ፈጣን ፕሮሰሰር አይፈልግም። ቪዲዮ ወደ ቴሌቪዥን መላክ ደግሞ አንዳንዴ ጉልበት ይጠይቃል፤ ለአንድ ምሽት ቢቋረጥ ግን የሚጎዳ ሰው የለም። ብዙዎች ለሁለተኛው ሥራ ብለው ውድ ሳጥን ይገዛሉ። ከዚያ ብሩ ያልቅና ሁለተኛው ዲስክ ሳይገዛ ይቀራል። ስለዚህ ከዚህ በታች አማራጮቹን ሳነጻጽር መነሻዬ ይህ ነው፦ ሳጥኑ ርካሽ ይሁን፣ ዲስኩ ይብዛ።

ስንት ቦታ ይበቃል?

በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ነው ብለን እናስላ። 20,000 ፎቶ 80 ጊጋባይት ይሆናል። ከቪኤችኤስ ካሴት የተገለበጠ የሠርግ ቪዲዮ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢቀመጥ በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይይዛል። ለካሴት ጥራት ይህ ከበቂ በላይ ነው። አሥር ሰዓት ቪዲዮ 23 ጊጋ አይሞላም። ሰነዱ ሁሉ ተደምሮ ጥቂት ጊጋ ነው። የብዙ ቤተሰብ የማይተካ ፋይል በ200 ጊጋባይት ውስጥ ይገባል ማለት ነው። በስልክ ብዙ ቪዲዮ የሚቀርጽ ቤት ደግሞ ወደ 500 ሊጠጋ ይችላል።

ይህ ሒሳብ ብዙ ፍርሃት ያቀላል። ባለ 1 ቴራ ዲስክ ሁለት ወይም ሦስት ገዝቶ የማይተካውን ሁሉ ደጋግሞ መገልበጥ ይቻላል። ትልቁ ዲስክ የሚያስፈልገው ለፊልሙ ነው። ለፊልሙ ደግሞ ባክአፕ አያስፈልገውም።

«ቴሌግራም ላይ አለልኝ» የሚባለውን ፎቶ ግን አትቁጠሩት። እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ፣ መጠኑ ቀንሶ ነው የሚቀመጠው። ሙሉው ጥራት የሚገኘው ፎቶው የተነሣበት ስልክ ላይ ነው። በፋይል መልክ የተላከ ከሆነ ብቻ እንዳለ ይቆያል።

መጀመሪያ መብራት

የውጭ አገር መመሪያዎች ከፕሮሰሰር ይጀምራሉ። አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ ወይም ደሴ ላለ ቤት መጀመሪያው መብራት ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ነገር ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ሲመለስ ራሱ ይነሣል ወይስ ሰው መጥቶ መጫን አለበት? ስንት ዋት ይበላል?

ራስበሪ ፓይ ሥራ ሲፈታ ከ3 እስከ 4 ዋት ይወስዳል። ላፕቶፕ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ እንዲሁም ሚኒ ፒሲ፣ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ዋት መካከል ናቸው። ሁለት ዲስክ የያዘ ናስ 15 ወይም 20 ዋት ገደማ ነው። ከመጋዘን የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ 60 ዋት ቢወስድ አይገርምም። 10 ዋት ዓመቱን ሙሉ ሲበራ ወደ 88 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። 60 ዋት ደግሞ ከ525 በላይ። ልዩነቱ ቆጣሪው ላይ ይታያል፤ ከዚያ በላይ የሚታየው ግን ባትሪ ላይ ነው።

ተራ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ሳጥን) ውስጥ ያለው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ነው። በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ከብክነትና ከእርጅና በኋላ ግማሹን ብታገኙ እንኳ 20 ዋት ለሚወስድ ዕቃ ሁለት ሰዓት ያህል ይሰጣል። 100 ዋት ለሚወስድ ዕቃ ግን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ትንሽ የሚበላ ዕቃ መምረጥ ማለት ትልቅ ዩፒኤስ ከመግዛት መዳን ማለት ነው።

ድንገተኛ መቋረጥ የሚጎዳው ፋይል እየተጻፈ እያለ ሲሆን ነው። ፋይሉ ብቻ ሳይሆን የዲስኩ ማውጫ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ደግሞ አዳፕተርና ዲስክ ያቃጥላል። ስለዚህ ላፕቶፕ ካልሆነ በስተቀር ሰርቨርን ያለ ዩፒኤስ ግድግዳ ላይ መሰካት አልመክርም። ራውተሩንም እዚያው ዩፒኤስ ላይ ሰኩት። ሰርቨሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ማንም አይደርስበትም።

አሮጌ ላፕቶፕ፦ ለብዙ ቤት የመጀመሪያ ምርጫዬ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በኢንቴል በኩል ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው፤ ጥቂት የተለዩ ሞዴሎች ሲቀሩ። በዚህ ምክንያት ገና ጉልበት ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች ሥራ ፈትተው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ሊኑክስ የተባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢጫንባቸው ለቤት ሰርቨር ከበቂ በላይ ናቸው።

ትልቁ ጥቅሙ ባትሪው ነው። ባትሪው አርጅቶ አርባ ደቂቃ ብቻ ቢይዝ እንኳ ለሰርቨር ትልቅ ነገር ነው። መብራት ጠፍቶ እስኪመለስ ሊያሻግር ይችላል፤ ካልቻለም በሥርዓት ይዘጋል። ስክሪንና ኪቦርድ አብረውት አሉ። ችግር ሲፈጠር ሌላ ሞኒተር ፍለጋ አትሄዱም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ኪስ የሚገባው ባለ 2.5 ኢንች ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ኃይሉን የሚያገኘው ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም በላፕቶፑ ባትሪ መሥራቱን ይቀጥላል። ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ኤክስተርናል ግን የራሱ አዳፕተር ስላለው ላፕቶፑ በርቶ እያለ እሱ ድርግም ይላል። ዲስክ ላይ እየተጻፈ እያለ ኃይል ማቋረጥ ማለት እሱ ነው። ላፕቶፕን ሰርቨር ካደረጋችሁ ትንሹን ዲስክ ምረጡ።

ድክመት አለው። ሌት ተቀን ቻርጅ ላይ የሚውል ባትሪ ያረጃል፣ አንዳንዴም ያብጣል። ብዙ የሌኖቮ፣ የዴልና የአሱስ ሞዴሎች ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ቅንብር አላቸው። አብሩት። የጣት መዳሰሻው (ታችፓዱ) ወይም ኪቦርዱ ከፍ ከፍ ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፤ ወዲያው ይውጣ። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛም ማስተካከል ያስፈልጋል። አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት፤ ቲቪ ኮመዲኖ ውስጥ ታፍኖ አይሁን።

የኔትወርክ ቀዳዳውንም አረጋግጡ። ጊጋቢት ከሆነ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል። ባለ 100 ሜጋቢት ከሆነ 11 አካባቢ ነው። 1 ቴራ ለመገልበጥ በመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በሁለተኛው ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ጭራሽ ቀዳዳ የሌላቸው ቀጫጭን ላፕቶፖች በዩኤስቢ የሚሰካ አዳፕተር ይበቃቸዋል።

ራስበሪ ፓይ

ትንሽ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ መብራት ሲመለስ ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሣል። ለመማር ከእሱ የተሻለ የለም። ለቤት ሰርቨር ግን እንደ ድሮው በጭፍን አልመክረውም።

ራስበሪ ፓይ 5 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ባለ 4 ጊጋው 60፣ ባለ 8 ጊጋው 80 ዶላር ነበር። በዚያ ላይ የራሱ ቻርጀር፣ ሣጥን፣ ማቀዝቀዣ፣ ሚሞሪ ካርድ ወይም ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) ይጨመራል። ከውጭ የሚያመጣው ሰው የሚጨምረውም አለ። ሁሉም ሲደመር ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ዋጋ አጠገብ ይደርሳል።

ሦስት ነገር ይጠንቀቁበት። አንደኛ፣ ሲስተሙ ሚሞሪ ካርድ ላይ ከሆነ በተደጋጋሚ የመብራት መቆራረጥ ካርዱ ይበላሻል። ከኤስኤስዲ እንዲነሣ ማድረግ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ፓይ 5 ባለ 5 አምፒር ቻርጀር ካላገኘ ለዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በድምሩ የሚሰጠው 600 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። የስልክ ቻርጀር ሰክቶ ሃርድ ዲስክ የሚያገናኝ ሰው ዲስኩ እየተነሣ ሲጠፋ ያያል፤ ዲስኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ሦስተኛ፣ ፓይ 5 ቪዲዮን ወደ ሌላ ፎርማት የሚቀይር የሃርድዌር ኢንኮደር የለውም። ፊልሙ እንዳለ የሚሄድ ከሆነ ችግር የለም። መቀየር ካስፈለገ ይንተፋተፋል።

ቤታችሁ ፓይ 4 ወይም 5 ካለ ተጠቀሙበት። ለባክአፕና ለፎቶ ጥሩ ነው። ለዚህ ሥራ ብሎ አዲስ መግዛት ነው የማይታየኝ። ፓይ 3ን ግን ተዉት፤ ኔትወርኩ በዩኤስቢ 2 ውስጥ ስለሚያልፍ ቀርፋፋ ነው።

ሚኒ ፒሲ፦ ፊልም በብዛት ለሚታይበት ቤት

ከቢሮ የወጡ ትንንሽ ኮምፒውተሮች አሉ። የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ ናቸው። ውፍረታቸው እንደ ትልቅ መዝገበ ቃላት ነው። ውስጣቸው ለአንድ ባለ 2.5 ኢንች ዲስክና በብዙዎቹ ላይ ለአንድ ኤም.2 ኤስኤስዲ ቦታ አለ። የተሠሩት ሌት ተቀን እንዲሠሩ ስለሆነ አይሰለቹም።

ከላፕቶፕ የሚበልጡበት ሁለት ቦታ አለ። ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሣ ማዘዝ ይቻላል። ይህ ቅንብር ብዙ ላፕቶፖች ላይ የለም። ሁለተኛው የኢንቴል ኩዊክ ሲንክ ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ቪዲዮን ያለ ብዙ ድካም ይቀይራል።

መቀየር ለምን ያስፈልጋል? ፊልሙ ኤች.265 በተባለው አዲስ የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑ አሮጌ ከሆነ አያጫውተውም። ወይም ልጁ በስልኩ በደካማ ዋይፋይ እያየ ከሆነ ፋይሉ ማነስ አለበት። ሰርቨሩ በዚያው ሰዓት ይቀይረዋል። የኢንቴል 6ኛ ትውልድ ባለ 8 ቢቱን ኤች.265 ይችላል። ቀለሙ የረቀቀውን ባለ 10 ቢቱን የሚችለው ከ7ኛው ጀምሮ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ 7ኛ ወይም 8ኛ ትውልድ ፈልጉ። የዋጋው ልዩነት ትንሽ፣ የጥቅሙ ልዩነት ትልቅ ነው። አዲስ ከተፈለገ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኢንቴል ኤን100 ያለባቸው ትንንሽ ሳጥኖች ትንሽ መብራት ይበላሉ፣ ቪዲዮውንም ይችላሉ።

ግን ከመግዛት በፊት የሚሞከር ነገር አለ። የቤታችሁ ቪዲዮ ሁሉ ኤች.264 (የቀደመው የመጭመቂያ ዘዴ) የሆነ ኤምፒ4 ከሆነ ማንኛውም ቴሌቪዥንና ስልክ ማለት ይቻላል እንዳለ ያጫውተዋል። የሠርጉንና የክርስትናውን ቪዲዮ አንዴ በዚህ ፎርማት ብትገለብጡት የፕሮሰሰር ጥያቄ ለእነሱ ያበቃል። ዋናውን ቅጂ ግን አትሰርዙ።

ባትሪ ስለሌለው ዩፒኤስ የግድ ነው። ሚኒ ፒሲ ሲባል የዩፒኤሱን ዋጋ ደምራችሁ ከላፕቶፑ ጋር አነጻጽሩት።

ናስ፦ ጊዜ ለሌለው፣ ብር ላለው

የሲኖሎጂና የኪውናፕ ሳጥኖች ለዚሁ ሥራ የተሠሩ ናቸው። ዲስክ ታስገባላችሁ፣ በብራውዘር ጥያቄዎቹን ትመልሳላችሁ፣ አለቀ። የስልክ አፕ አላቸው። ዲስክ ሲታመም ኢሜይል ይልካሉ። ዩፒኤስ በዩኤስቢ ሲገናኝ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ራሳቸውን በሥርዓት ይዘጋሉ። ኮምፒውተር የማይወድ ሰው፣ ወይም ሌላ ከተማ ላሉ ወላጆቹ አቋቁሞ መሄድ የሚፈልግ ሰው፣ ይህን ቢመርጥ ይገባኛል።

የማይመቸኝ ባለቤትነቱ ነው። ሳጥኑ የእናንተ ቢሆንም ውሳኔው የኩባንያው ነው። ሲኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ2025 አዲስ የፕላስ ሞዴሎቹን በራሱ በተፈቀዱ ዲስኮች ብቻ ገድቦ ነበር። ተቃውሞ ሲበዛ በዚያው ዓመት ኦክቶበር መልሶ አላላው። ከዚያ በፊት በ2024 ቪዲዮ ስቴሽን የተባለውን የፊልም ማጫወቻውን ከሲስተሙ አውጥቶታል። ለፊልም ብለው የገዙ ሰዎች ሌላ ሶፍትዌር መፈለግ ነበረባቸው።

ሌላው ጥገና ነው። የላፕቶፕ አዳፕተር በየሱቁ አለ። የናሱ ቦርድ ከተቃጠለ ግን መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በተለይ ዲስኮቹ በኩባንያው አሠራር የተዋቀሩ ከሆነ፣ ፋይሉን ከሌላ ኮምፒውተር ለማውጣት የሊኑክስ እውቀት ይጠይቃል።

ዋጋውን ስታዩም ሳጥኑ ብዙውን ጊዜ ያለ ዲስክ እንደሚሸጥ አትርሱ።

ራውተር ላይ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ፍላሽ ሰክቶ ፊልም ለማየት ይሆናል፤ ለባክአፕ አይታመንም። አሮጌ ዴስክቶፕ ብዙ ዲስክ ይይዛል፣ ብዙ መብራትም ይበላል። ሌላ ከሌለ በቀር አልመርጠውም።

ክላውድስ?

ጉግል ነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው። ያልተገደበው የነፃ ፎቶ ማስቀመጫ እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2021 አብቅቷል። ክላውድ ጥሩ ሦስተኛ ቅጂ ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ይተርፋል። ችግሩ ወርኃዊ ክፍያውና ፍጥነቱ ነው። የመላኪያ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢሆን 1 ቴራ ለመላክ ከ18 ቀን በላይ ይፈጃል፤ ያውም ሳይቋረጥ። 100 ጊጋ ግን በሁለት ቀን ገደማ ያልቃል። ቅድም የማይተካውን የለየነው ለዚህም ነው።

ሬይድ ወይስ ሁለተኛ ቅጂ?

ሁለት ዲስክ ያለው ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ሬይድ 1 ነው፤ የተጻፈው ሁሉ በዚያው ቅጽበት ሁለቱም ላይ ይጻፋል። ሌላው አንዱን ዲስክ ዋና አድርጎ፣ ሁለተኛው ላይ ማታ ማታ መገልበጥ ነው።

ለቤት ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በዚህ ላይ አልወላውልም። ሬይድ የሚያድነው ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቋረጥ ነው። ልጅ ፎልደር ቢሰርዝ ከሁለቱም ላይ ይሰረዛል። ቫይረስ ፋይሎቹን ቢቆልፍ ሁለቱም ይቆለፋሉ። ከፍተኛ ቮልቴጅ ቢመጣ ሁለቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ሌባም ሳጥኑን ሲያነሣ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚወስደው። ማታ የተገለበጠ ቅጂ ግን የትናንቱን ይዞ ይጠብቃል። ሬስቲክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የተለወጠውን ብቻ እየጨመረ የባለፈውን ሳምንትና የባለፈውን ወር ይዞታ ያስቀምጣል። ቅጂውንም በይለፍ ቃል ይቆልፈዋል።

የተለመደው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው። በእኛ ሁኔታ ሲተረጎም አንዱ ሰርቨሩ ላይ፣ አንዱ ሌሊት ብቻ ወይም በሳምንት አንዴ የሚሰካ ኤክስተርናል ላይ፣ አንዱ ዘመድ ቤት። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ ዋናውን ያጠፋው ነገር ሊደርስበት ይችላል።

ዲስክ ስትገዙ ሁለት ማስጠንቀቂያ። «16 ቴራ ኤስኤስዲ» ተብሎ በተራ ፍላሽ ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ ሐሰተኛ ነው። ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ነው፤ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሙሉውን መጠን ያሳያል። ኤች2ቴስትደብሊው በተባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ጽፋችሁ ፈትሹ። ያገለገለ ዲስክ ከሆነ ደግሞ የዲስክ ጤና በሚያሳየው ክሪስታልዲስክኢንፎ ላይ ከፍታችሁ የተተኩና በመጠባበቅ ላይ ያሉ ሴክተሮችን (የታመሙ የዲስክ ክፍሎችን) ቁጥር እዩ። ዜሮ ካልሆነ ለባክአፕ አትግዙት።

ሶፍትዌሩ

ተርሚናል (ትእዛዝ እየጻፉ መሥራት) ለማይወድ ሰው ኦፕንሚዲያቮልት ጥሩ ነው። ዴቢያን ላይ የተሠራ ነው፤ ከተጫነ በኋላ ሁሉንም በብራውዘር ታስተዳድራላችሁ፤ ደካማ ማሽን ላይም ይሄዳል። ትሩናስ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ 8 ጊጋ ራምና ውስጥ የተገጠሙ ዲስኮች ይፈልጋል። በዩኤስቢ ለተንጠለጠለ ዲስክ አይሆንም። አንሬይድ ይከፈልበታል። ሊኑክስ የለመደ ሰው ኡቡንቱ ሰርቨር ወይም ዴቢያን ጭኖ ፋይል በኔትወርክ የሚያጋራውን ሳምባን ቢያዋቅር ይበቃዋል።

ለፊልምና ለቪዲዮ ፉክክሩ በፕሌክስና በጄሊፊን መካከል ነው። ፕሌክስ ያማረ ነው፤ ለብዙ ቴሌቪዥኖችም አፕ አለው። ነገር ግን በኩባንያው አካውንት ውስጥ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከቤት ውጭ ሆኖ ማየት ክፍያ ይጠይቃል። ጄሊፊን እ.ኤ.አ. በ2018 ኤምቢ ከተባለ ተመሳሳይ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ ነው። አካውንቱ እናንተው ቤት ነው ያለው። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሳሎን ውስጥ ፊልሙ ይታያል። እዚህ አገር ይህ ብቻውን ምርጫውን ይወስንልኛል። አንድሮይድ ቲቪ ካላችሁ አፑ እዚያው አለ።

ለፎቶ ኢሚች ልቤን ወስዶታል። ስልኩ ቤት ገብቶ ዋይፋይ ሲያገኝ ፎቶውን ራሱ ይልካል። ፊት ይለያል፣ በቀንና በቦታ ይደረድራል፣ እናትና አባት ያለ ሥልጠና ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 የተረጋጋ የተባለው ሁለተኛ ዋና ዕትሙ ወጥቷል። ራም ይወዳል፤ 8 ጊጋ ቢኖር ይመረጣል። ማሽናችሁ ደካማ ከሆነ ሲንክቲንግ ፎልደር ለፎልደር ያመሳስላል፤ ጌጥ የለውም፣ ሥራውን ይሠራል። ኔክስትክላውድ ፋይል፣ ካላንደርና ስልክ ቁጥሮችን በአንድ ላይ ለሚፈልግ ነው። ለፎቶ ብቻ ግን ይከብዳል።

ኢሚችም ሆነ ሲንክቲንግ ብቻቸውን ባክአፕ አይደሉም። ከስልክ የመጣው ፎቶ የተቀመጠበት ፎልደር የማታው ቅጂ ውስጥ መግባት አለበት።

ከውጭ መግባት

ዲሲ ያለች እህት ወይም ዱባይ ያለ ወንድም ፎቶውን ማየት ይፈልጋሉ። ቀላሉ መንገድ ሰርቨሩ በቀጥታ ከኢንተርኔት እንዲደረስ የራውተሩን በር (ፖርት) መክፈት ይመስላል። አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 የዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክ ላይቭ ተጠቃሚዎች ፋይላቸው ከርቀት ተሰርዞ ነው ያገኙት። በጃንዋሪ 2022 ዴድቦልት የተባለ ጥቃት ለኢንተርኔት ክፍት የነበሩ የኪውናፕ ሳጥኖችን ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል።

ይልቁንስ ዕቃዎችን በተቆለፈ የግል መስመር የሚያገናኘውን ቴይልስኬልን ተጠቀሙ፤ ለግል መጠቀሚያ ነፃ ነው። ሰርቨሩ ላይና እህታችሁ ስልክ ላይ ይጫናል፤ ሁለቱ እንደ አንድ ቤት ዕቃ ይገናኛሉ። የራሳችሁ ቋሚ አድራሻ ባይኖራችሁም ይሠራል። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ዋየርጋርድን ራሳችሁ ማዋቀር ትችላላችሁ፤ ያኔ ግን ከውጭ የሚደረስ አድራሻ ያስፈልጋል። ከእኛ አገር የመላኪያ ፍጥነት አንጻር ፎቶ ያለ ችግር ይታያል። ፊልም ከዚህ ወደ ዱባይ ማሳየት ግን ያታክታል፤ ለእሱ ብላችሁ ዕቃ አትግዙ።

ዘመዳችሁ ውጭ አገር ሰርቨር ካለው ሦስተኛው ቅጂ እዚያ ቢሆን በጣም ጥሩ ነው። የመጀመሪያውን ትልቅ ግልበጣ በኢንተርኔት አትሞክሩት። ኤክስተርናሉን በይለፍ ቃል ቆልፋችሁ መንገደኛ ሲገኝ ላኩት፤ ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ የሚጨመረው ትንሽ ስለሆነ ኢንተርኔቱ ይችለዋል።

ስለዚህ ማን የቱን ይያዝ?

ቤት ውስጥ የሚሠራ ላፕቶፕ ካለ እሱን። ብሩን ሁሉ ለሁለት ባለ 2.5 ኢንች ዲስኮች አውሉት። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ፊልም የሚያይበት ቤት ከሆነ ያገለገለ ባለ 7ኛ ወይም 8ኛ ትውልድ ሚኒ ፒሲና ዩፒኤስ። አስተዳዳሪ ለማይኖርበት ቤት ባለ ሁለት ዲስክ ናስ፣ ተጨማሪ ኤክስተርናል እስከተገዛለት ድረስ። ለሳጥኑም ለዲስኩም የሚበቃ ብር ከሌለ ሳጥኑ ይቆይ። ሁለት ኤክስተርናል ገዝታችሁ ባላችሁ ኮምፒውተር በእጅ መገልበጥ ዛሬውኑ ይጀመራል።

የመረጣችሁትን ስትተክሉ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ ሙከራ አድርጉ። ከባክአፑ ላይ አንድ ፎልደር ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሱና ፎቶዎቹ እንደሚከፈቱ፣ ቪዲዮው እስከ መጨረሻው እንደሚሄድ እዩ። ይህን በየሦስት ወሩ ድገሙት። የይለፍ ቃሉንና ዲስኮቹ የት እንዳሉ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቤቱ ካርታ ጋር አኑሩ፤ ከእናንተ ሌላ ቢያንስ አንድ የቤተሰብ አባል ፎልደሩን ራሱ መልሶ ማውጣት እስኪችል አብራችሁ አሳዩት።